ፎይል የለበሰው ጠርሙስ

የያዙኝ በጃም ጠርሙስ ነው። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ላይ ካለው ቤቴ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወርድ፣ የጀጎልን ግንብ አልፌ ከመግባቴ በፊት ፍተሻ ነበር። ቦርሳዬን ከፈቱት። ውስጡም ውጭውም በፎይል የተለበጠ፣ ክዳኑ መሀል ምስማር የተተከለበት ጠርሙስ ወጣ። ምንድን ነው ቢሉኝ ካፓሲተር ነው፣ ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ፣ ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜ አልኳቸው። ወይ ጉድ! በዚያ ሰሞን ከተማው በፈንጂ ወሬ ተወጥሮ ነበር። እኔ ደግሞ ስለታሰሩት ባልደረቦቼ ስብሰባ ላይ አፌን ከፍቼ ተናግሬያለሁ። ጠርሙሱ ጥሩ ሰበብ ሆነላቸው።

የታሰርኩበት ክፍል መስኮት የለውም። የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ነው፤ ግድግዳው የሰው ጀርባ በሚደገፍበት ቁመት ላይ በላብ ጠቁሯል። አብረውኝ የታሰሩት ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀጎል ውስጥ ጨርቅ የነገዱ አዛውንት ነበሩ። እግሬ አብጦ መቆም ሲያቅተኝ ውሃ የሚያቀብሉኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ረፋድ መርማሪው አስጠራኝ። ውስጥ እግሬን በጎማ ያስገረፈኝ እሱ ነው። ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እስቲ አሠራው፣ ሰው የማይጎዳ ከሆነ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ አለኝ። ለመሙያ የያዝኩትን የፕላስቲክ ቧንቧ ከቦርሳዬ አወጡልኝ። ጠርሙሱን በአንድ እጄ ይዤ፣ ቧንቧውን በሹራቤ እያሸሁ ምስማሩ ላይ ደጋግሜ አሳረፍኩት። በጋ ነበር፣ አየሩ ደረቅ፤ እንዲህ ባለ ቀን ጠርሙሱ ደህና አድርጎ ይሞላል። እያሸሁ አስረዳው ጀመር፦ ቻርጁ በምስማሩ አልፎ ውስጠኛው ፎይል ላይ ይከማቻል፣ መስታወቱ መሀል ገብቶ ወደ ውጭኛው እንዳያልፍ ያግደዋል። ሁለቱን በአንዴ የነካ ሰው ምን እንደሚሆን ልነግረው ስል ሰልችቶት ጠርሙሱን ነጠቀኝ። በአንድ እጁ ፎይሉን እንደጨበጠ ሌላውን ወደ ምስማሩ ሰደደ።

ዝም ብል ይመታዋል። ብናገር አደገኛነቱን በገዛ አፌ መሰከርኩ። ሁለቱም ወደዚያው ክፍል ይመልሱኛል፤ ዝምታው ግን ደስ ይለኝ ነበር። አልዋሽም፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

«አይንኩት» አልኩ። ለተማሪ የምናገርበት ድምፅ ነው የወጣው።

እጁ አየር ላይ ቀረ። «ይጎዳል ማለት ነው?»

«ያስደነግጣል እንጂ አይገድልም።»

«እንግዲያው አንተ ንካው።»

ተቀብዬ ነካሁት። ጧ አለ፤ ምቱ በክርኔ አልፎ ደረቴ ደረሰ። ያ ሰው ጩኸቴን ለመስማት ብዙ ደክሟል፤ ያን ዕለት አልሰጠሁትም። ጠርሙሱን ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «አሁን ባዶ ነው፤ ይንኩት» አልኩት። አልነካውም። «ጎጂ መሆኑን ራሱ አምኗል» ብሎ ወደ ክፍሉ አስመለሰኝ፤ ክረምቱ እስኪወጣ እዚያው ቆየሁ።

አዛውንቱ የሆነውን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወላሂ ሞኝ ነህ፣ ልጄ። ትንሽ ቢቀምሳት ምን ነበረበት?» አሉኝና እጄን ስበው ጣቶቼን ያሹልኝ ጀመር።

ዛሬም አስተምራለሁ። ብርድ ሲሆን አነክሳለሁ፤ ጊደር መጋላ ገበያ እስክደርስ የሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አርፋለሁ። እዚያ ስቀመጥ አንዳንዴ አዛውንቱ እውነታቸውን ነበር እላለሁ፤ ያበግነኛል። መርማሪውን ይቅር አላልኩትም፤ የምለውም አይመስለኝም። ግን እኔ በሞላሁት ጠርሙስ አልተመታም።