በወይን መጥመቂያው የተነሳ የባልና ሚስት ፎቶ

የከሚሴው ፎቶ አንሺ ዓብዱልመጂድ «አትነቃነቁ!» የሚለው ትእዛዝ ከአፉ አይለይም ነበር፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው የሚያንጎላጁ ሽማግሌዎች እንኳ አያመልጡትም። የሚገርመው የጀይሉ ልጅ መሆኑ ነው። ጀይሉ ፎቶ መነሳትን እንደ ሐራም ቆጥሮ፣ አንዲት ምስል ሳይተው ነው የሞተው።

የሞተበት ስፍራ ደግሞ ለስሙ የሚመች አልነበረም። ከጨፋ ሮቢት በታች አንድ የውጭ አገር ሰው ባሠራው የወይን ጠጅ መጥመቂያ ዘበኛ ሳለ፣ ከሚፈላው ጉሽ የሚወጣው አየር አፍኖት በበርሚሎቹ መካከል ወድቆ ተገኘ። ጠብታ ቀምሶ የማያውቀውን ሰው መንደሩ «ሰክሮ ሞተ» አለው። ሚስቱ ዘምዘም ሐሜቱን ፈርታ ሠላሳ ዓመት ወደዚያ ዝር አላለችም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ መጥመቂያውን የገዛው የሽንኩርት ነጋዴ፣ ከማፍረሱ በፊት ፎቶ እንዲያነሳለት ዓብዱልመጂድን ጠራው። ዘምዘም ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አነሣች።

«ከአባትህ ጋር አንድ ፎቶ አንሳኝ።»

«አዮ፣ የሞተ ሰው ፊልም ላይ አይወጣም።»

«አንተ ዘንድ በሕይወት ያለውስ መች ደኅና ይወጣል!»

መጥመቂያው ሲደርሱ እናቱን ከግራር ጥላ ሥር አስቀምጦ ገባ። በሩ ላይ ዓይን የሚያጠፋ የቀትር ብርሃን፣ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ። ፍላሹ ከፊተኛው በርሚል አላለፈም። ስለዚህ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አጽንቶ፣ ብርሃን ቀስ እያለ እንዲገባ የካሜራውን ዓይን ክፍት ትቶት ወጣ፤ ከጓሮ በኩል፣ ከፍ ባለችው መስኮት፣ ፀሐይዋን በመስታወት ወደ ውስጥ ይረጭ ጀመር። ከዚያ ሆኖ ውስጡ አይታየውም።

በማግስቱ በቀዩ መብራት ሥር ፎቶውን ሲያጥብ፣ ከበርሚሎቹ መካከል ሰው ቀስ በቀስ ብቅ አለ። የግድግዳው ድንጋይ በደረቱ አልፎ ይታያል።

«አዑዙ ቢላሂ!»

ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ። አንሥቶ ደግሞ ሲያየው የእናቱን ነጠላ ለየ፤ ካሜራው ክፍት ሳለ ጥቂት ቆሞ የሄደ ሰው እንዲህ ስስ ሆኖ ነው የሚወጣው። ሳይደርቅ ይዞት እናቱ ዘንድ ሮጠ።

«አዮ! ገብተሽ ነበር?»

«አልተነቃነቅሁም» አለች ዘምዘም፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ።

ምስሉን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። ወደ አንድ ጎን ተጠግታ ነበር የቆመችው፤ በስተቀኟ አንድ ሰው የሚያህል ጨለማ ተትቷል። ቀኝ እጇ ከአንጓው ጀምሮ እዚያ ውስጥ ገብቶ አይታይም።

«ቦታ ትቼለት ነበር።»

«ፎቶ አይወድም ነበር'ኮ» አለ ዓብዱልመጂድ።

«አውቃለሁ» አለች። «ስቱዲዮህ መስኮት ላይ፣ ከሙሽሮቹ መካከል ስቀለን። መንደሩ ይየን።»