የወፍጮ ቤቱ ቺንጋ

ፈሪ ሰው ነኝ። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ መያዣውን ስነቀንቅ ባለቤቴ እያየች «ሌባው እንኳ እንዳንተ አይደክምም» ትለኛለች። እኔም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እላታለሁ። ጅጅጋ በመካኒክነት ተመድቤ ከመጣሁ በኋላ ግን ይሄው ጠባዬ እንጀራዬ ሆነ። ያጠበቅሁትን ብሎን እንደገና የምነካ፣ የለካሁትን ዘይት እንደገና የምለካ ነኝና፣ ሐርተሼክ የስደተኞች መጠለያ ሲከፈት ማሽን የሚጠብቅ ሰው ተፈልጎ እኔ ተላክሁ።

እዚያ ያገኘኋት ማሽን አንዲት አሮጌ የአትክልት ቦታ ትራክተር ነበረች። ከችግኝ ጣቢያ የመጣች ናት፤ ቁመቷ ከአህያ ብዙም አይበልጥም። ሐርተሼክ ውሃ የለም፤ ቦቴ ከጅጅጋ እያመላለሰ ያራግፋል። የእሷ ሥራ ከማራገፊያው እስከ ክሊኒኩ ድንኳን ድረስ በርሜል የጫነ ጋሪ መጎተት ነበር። መንገዱ አጭር ነው። ግን ግራና ቀኙን ጀሪካን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶች ተቀምጠውበታል፤ ልጆቻቸው ደግሞ መሃሉ ላይ ይሯሯጣሉ።

ትራክተሯ የምትሄደው በአንድ ቺንጋ፣ ማለት በጎማ ቀበቶ ነው። ቺንጋው የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ ያደርሳል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ይላላና ትቆማለች። ፍሬን የሚባለው ነገር ካለቀ ቆይቷል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቺንጋውን በሚዞርባቸው በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። የጣት ውፍረት ያህል ከሰመጠ ልኩ ነው።

ሾፌሩ ከድንበር ማዶ የተሰደዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ግመል ሲጭኑ ነው። «አብቲ» እላቸዋለሁ፣ በሶማሊኛ አጎቴ እንደ ማለት። እሳቸው ደግሞ፣ ለሹፈት ይሁን ለክብር አላውቅም፣ «ኢንጂነር» ይሉኛል። እኔ ለክቼ የተውኩትን ቺንጋ ዞር ስል በማጠበቂያዋ ብሎን ያጠብቁታል።

«ኢንጂነር፣ ያልጠበቀ ጭነት መንገድ ላይ ይቀራል» ይሉኛል። ለግመል እውነታቸውን ነው። እዚህ ግን ከልኩ በላይ የጠበቀ ቺንጋ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደማይላላ ማስረዳት አቃተኝ። እሳቸው ያጠብቃሉ፣ እኔ አላላለሁ፤ እንዲህ ስንባባል ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አሮጌው ቺንጋ ተበጠሰ። ያን ዕለት የአብቲ ልጅ ምጥ ይዟት ክሊኒኩ ድንኳን ውስጥ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። አዋላጇ «ውሃ አልቆብኛል፣ ቶሎ በሉ» ብላ ሰው ላከች። መለዋወጫ አልነበረንም። አብቲ ሮጡና ገበያው ዳር ካለው ወፍጮ ቤት አንድ ቺንጋ ተውሰው መጡ። በመፍቻ እየፈለቀቅን በግድ አስገባነው። በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉትና ፊታቸው በራ።

«እንደ ብረት!» አሉ።

በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ንቅንቅ አላለም። ጋሪውን ፈትቼ ትራክተሯን ብቻዋን አስነሣኋት። ማርሹ እየተንገጫገጨ ገባ። ፔዳሉን እስከ ታች ረገጥኩት፤ እሷ ግን መንገዷን ቀጠለች። ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ነቀልኩ።

«አብቲ፣ በዚህ አይሄዱም። ቢረግጡም አትቆምም።»

«ሞተሩን አጠፋለሁ።»

«ውሃው ከኋላ ይገፋዎታል። ፊትዎ ያሉት ሕፃናት ናቸው።»

«እዚያ ያለችው ልጄ ናት!» እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፍ ስጠኝ።»

ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። አብቲ ለአፍታ አዩኝ። የዚያን ዓይን ነገር አሁንም ባላስበው ደስ ይለኛል። ከዚያ ሁለት ጀሪካን ሞልተው፣ አንጠልጥለው በእግራቸው ሄዱ።

ቺንጋው እንዲህ አጭር ከሆነ በየቀኑ የምናዞራት የማጠበቂያ ብሎን አትበቃም፤ መላው አንድ ነው፤ ሞተሩን ከተቀመጠበት ፈትቶ ትንሽ ወደ ኋላ ማስጠጋት። ብሎኖቹ ታዘዙልኝ፣ ከአንዱ በቀር። ዝጓል። ናፍጣ አፈሰስኩበት፣ በመዶሻ መታሁት፣ ለመንኩት። ልጅቷ ብትሞት ውሃ ከልክሎ የገደላት እኔ ነኝ። ትራክተሯ ሕፃን ብትጨፈልቅ ደግሞ ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል። ፈርቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ግን ፈርቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ብሎኑ ተፈታ። ሞተሩን አስጠጋሁ፣ አሰርኩ፣ ተጫንኩ፤ ጣቴ ሰመጠ። አስነሥቼ ረገጥኩ፤ ቆመች። እንደገና ረገጥኩ። እንደገና። ከዚያ ጋሪውን ቀጥዬ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያልኩ በእግር ርምጃ ነዳኋት።

ድንኳኑ ጋ ስደርስ በሩ ላይ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ሩብ፣ አንዱ የዘይት ጣሳ። አብቲ ውሃ ተሸክመው ሲያልፉ ያዩዋቸው ሴቶች ነገሩን ጠይቀው ሰምተው፣ ወረፋ ጠብቀው ካገኙት ላይ እያካፈሉ ያስቀመጡት ነው። አዋላጇ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ውሃው በቅቶኛል፤ የቀረው ጸሎት ነው» አለችና ገባች።

አብቲ መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ላላ?» አሉኝ።

«ላላ።»

ቁልፉን ሰጠኋቸው። ቁጭ ብለው መጠበቅ አልሆነላቸውም። «ውሃ ተበድሮ አይታደርም» ብለው ትራክተሯ ላይ ወጡ፤ ወደ ወረፋው መልሰው ነዷት። በየሴቲቱ ፊት ይረግጣሉ፣ ትቆማለች፣ ከበርሜሉ በጎማ ቱቦ ይቀዳል፤ ደግሞ ይቀጥላሉ። እኔ ከጎን ከጎን እየሄድኩ የማየው እግራቸውን ብቻ ነው። በረገጡ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ።

ከድንኳኑ እልልታ ተሰማ።

አብቲ አልሰሙም። ሞተሩ ይጮሃል፣ እሳቸውም ዓይናቸው ቀጥሎ ካለው ጀሪካን ላይ ነው። ጠራኋቸው። ደግሜ ጠራኋቸው። ከዚያ ሮጬ ከትራክተሯ ፊት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

ረገጡ። ትራክተሯ ጉልበቴን ልትነካ ስትል ቆመች።

«ወለደች!» አልኳቸው።

አብቲ እግራቸውን ከፔዳሉ ሳያነሡ አለቀሱ።