የላቪንግተን ሣር የበላው ማዳበሪያ

ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ነው። ምን አነሳሳህ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ንዴት።

ከአገሬ ወጥቼ የምኖረው ናይሮቢ፣ ካሳራኒ የሚባል ሰፈር ነው። ለዓመታት በየማለዳው ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ከከተማው ወጣ እያልኩ የሰው መሬት በእኩል አርስ ነበር። ባለመሬቱ ላቪንግተን የሚባል የሀብታም ሰፈር የሚኖር፣ ጫማው ጭቃ የማያውቅ ሰው ነው። መሬቱ የእሱ፣ ዘሩና ጉልበቱ የኔ፣ በቆሎው ሲደርስ እኩል። በዚህ አልከፋኝም፤ አባቴም የኖረው እንዲሁ ነው።

አንድ ዓመት መንግሥት ለገበሬ ማዳበሪያ ሊደጉም ነው ተባለና መዝጋቢ ልጅ በየማሳው መጣች። የተመዘገበ ሰው በስልኩ ኮድ ይላክለታል፤ ኮዱን ይዞ መጋዘን ከሄደ ማዳበሪያውን በርካሽ ያነሳል። ስኮተኩት አገኘችኝና ገበሬው አንተ ነህ ወይ አለችኝ።

ነኝ ማለት ነበረብኝ። እኛ አገር ግን በሰው መሬት ላይ ስሙን ያስጻፈ እኩል አራሽ መሬት ነጣቂ ነው፤ ሰው ሰላም አይለውም። ስለዚህ ኮራ ብዬ እኔ አራሽ ብቻ ነኝ፣ ባለቤቱ ሌላ ነው አልኩና የላቪንግተኑን ሰው ስልክ ሰጠኋት። ደግማ ጠየቀችኝ፤ ደግሜ ያንኑ መለስኩ። ወረቀቱ ምን እንደሚል አላውቅ። ለጨዋነቴ በአውራ ጣቴ ፈረምኩበት።

ዝናቡ ሲቃረብ ጎረቤቶቼ ማዳበሪያቸውን እያስጫኑ መጡ። እኔ ለባለመሬቱ ደወልኩ። እዚህ አገር ሽማግሌ ሲያከብሩ «ምዜ» ይላሉ፤ እሱ ሲለው ግን ውሻ የሚያባብል ነው የሚመስለው። ገና ነው ምዜ፣ መልእክቱ አልመጣም አለኝ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሦስት ጊዜ ገና ነው። ዝናቡ ገባ፤ ባዶ አፈር ላይ ዘራሁ። በቆሎው ጉልበቴ ሳይደርስ ቢጫ ሆነ።

ጉዱን ልንገረው ብዬ ላቪንግተን ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ አትክልተኛው ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ሣር ለዓይን ያስፈራል፤ አረንጓዴነቱ ጥቁር ሊሆን ምንም አልቀረው። ግድግዳው ሥር ጎረቤቶቼ የተሸከሙት ዓይነት ጆንያ ባዶውን ተጣጥፎ ተቀምጧል። አትክልተኛው አየኝና አንገቱን ደፋ።

ባለመሬቱ ወጣ። አላፈረም።

«ኮዱ የመጣው በኔ ስልክ ነው። ሣሩም የበቀለው በኔ መሬት ነው። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት ምዜ?»

የጣቴ አሻራ ለእሱ ይመሰክራል። ያቺን ጡጫ የምታህል በቆሎም ሳያፍር እኩል ተካፈለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ከሴቶች ጋር ቁጭ ብዬ ፊደል የቆጠርኩት። መጀመሪያ የኛን፣ ቀጥሎ የነሱን። አስተማሪዋ በዕድሜ ልጄ ትሆን ነበር። እርሳስ ስይዝ ዶማ የያዝኩ ይመስል ነበር፤ ስቀውብኛል፣ ይሳቁ።

መዝጋቢዎቹ በሚቀጥለው ዓመት ሲመጡ ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት። የሚጠይቀው ማን ያርሳል ብሎ ነው፤ መሬቱ የማን ነው የሚል የትም የለበትም። ስሜንና ስልኬን በእጄ ጻፍኩ። ወሬው ላቪንግተን ደረሰና ባለመሬቱ ደወለ።

«መሬቴን ልትቀማኝ ነው?»

«መሬትህን ለራስህ። ያረስኩት ግን እኔ ነኝ» አልኩት። ምዜ ማለቱን ያን ቀን ተወ።

ኮዱ መጣ፣ ማዳበሪያውን አነሳሁ፣ በቆሎው ቁመቴን አለፈ። እኩል ተካፈልን። ድርሻውን አስጭኖ እንደጨረሰ መሬቱን ለሌላ ሰጠሁት አለኝ።

አሁን ካሳራኒ ቁጭ ብያለሁ። ዘር ሲቃረብ መልእክቱ ዛሬም ስልኬ ላይ ይመጣል፤ ውድ ገበሬ፣ ማዳበሪያዎን ይውሰዱ ይላል። የምዘራበት መሬት የለኝም። ኮዱን ሽጠው የሚሉኝ አሉ። እሱም ራሱ ባለፈው ሰው ልኮብኛል፣ ሣሩ ቢጫ ሆኗል መሰለኝ። አልሰጠሁትም። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ፣ ስልኩንም ኪሴ እከተዋለሁ።