ጉብታ የሌለው መቃብር

ታክ ማንሶክ ሁለት የአባት መቃብር ነበረው። አንደኛው ከወንዙ ማዶ በድሆች መቀበሪያ ያለው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በየመከሩ ሣሩን እያጨደ የሩዝ ጠላ የሚያፈስበት ጉብታ ነው። ውስጡ ግን ከአፈር በስተቀር ምንም አልነበረም። ሁለተኛው ወልቦንግ ኮረብታ ላይ ነው። እዚያ አባቱ አለ፤ ጉብታ ግን የለም።

በኮሪያ፣ በሶንግሁዋን አካባቢ እንዲህ ያደረገው እሱ ብቻ አልነበረም። ወልቦንግ የባለርስቶቹ የናም ጌቶች ኮረብታ ነው። ጀርባውን ለተራራ፣ ፊቱን ለውሃ የሰጠ፣ ሙታን በሰላም የሚተኙበት፣ ልጆቻቸውም የሚያልፍላቸው ቦታ ነው ይባላል። ድሃ ሰው በሕይወቱ ያላገኘውን መሬት በሞቱ ቢመኝ ምን ይፈረድበታል? ስለዚህ አንዳንዱ ጭሰኛ የወላጁን ሬሳ በስውር ወስዶ እዚያ ይቀብራል፤ አፈሩን ከምድሩ ጋር ያስተካክላል፤ ሣሩን መልሶ ያለብሰዋል። ከተደረሰበት አጥንቱ ተቆፍሮ ይጣላል፣ ልጁም ይገረፋል፣ የሚያርሰውንም መሬት ይቀማል። ማንሶክ አባቱን እዚያ ያስቀመጠው ጦርነቱ ከመምጣቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነበር። አብሮት የተሸከመው ጎረቤቱ ዶልሴ ብቻ ነው፤ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ምልክቱ አንዲት ጎባጣ ጥድ ነበረች። ማገዶ ሊለቅም የሄደ መስሎ ከጥዷ ሥር ሲደርስ የገለባ ጫማው እንደተፈታበት ሰው ይንበረከካል፣ ግንባሩ ሣሩን እስኪነካ ጎንበስ ይላል። ለአባቱ የሚሰግደው እንዲህ ነበር።

«አባትህ እኮ ከሥር ሆኖ እያለቀሰ ነው» ይለዋል ዶልሴ። «ልጄ ጫማ ማሰር እንኳ ሳይለምድ ትቼው ሞትኩ እያለ።»

ጦርነቱ በመጣበት ክረምት መጀመሪያ የቻይና ወታደሮች መጡ። ንጉሡ ጠርቷቸው ነው ተባለ። ጃፓኖቹ ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ሁለቱም የኮሪያን ሰላም ልንጠብቅ ነው አሉ፤ ሰላሙ ግን ሁለቱ እስኪመጡ ድረስ ይህን ያህል ጠባቂ አስፈልጎት አያውቅም ነበር። አንድ ጠዋት ማንሶክ ሩዙን ሲያርም ቀና ቢል፣ ሰማያዊ የለበሱ የቻይና ወታደሮች ዶማና መጥረቢያ ይዘው ወልቦንግን ይወጣሉ።

«የኦክሱን አባት፣ ምን ፈዘህ ቀረህ?» አለችው ሚስቱ ከጎኑ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ።

«እየቆፈሩ ነው።»

«ይቆፍሩዋ። የጌቶች ኮረብታ ነው፣ እኛ ምን ቤት ነን? ይልቅ አረሙን አትርገጠው፣ ንቀለው።»

ንቀለው ያለችውን ነቀለ። ጥዶቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ድምፃቸው እማሳው ድረስ ይሰማ ነበር። እያንዳንዷ ስትወድቅ፣ ይቺ ናት ወይስ ያቺ ይላል በልቡ።

ውጊያው የሆነው ሊነጋ ሲል፣ በዝናብ ውስጥ ነው። ጃፓኖቹ ወንዙን ሲሻገሩ ከመሃላቸው ረግረጉ የዋጣቸው ነበሩ፤ የቀሩት ግን ኮረብታውን ይዘው ተኮሱ። ፀሐይ ከፍ ሳትል ቻይኖቹ ወደ ደቡብ ሸሹ። የሁለት መንግሥታት ጦርነት የመጀመሪያው የምድር ውጊያ ይህ ነው ብለው ኋላ የጻፉ አሉ። ለማንሶክ ግን የምንም መጀመሪያ አልነበረም። ወደ ኮረብታው የሚያወጣው ምክንያት ያገኘበት ቀን ነበር፤ ምክንያቱም መንደሩ ሬሳ እንዲቀብር ታዘዘ።

ወጣ። ጥድ የለም። ጉቶ ብቻ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የጎበጠ ዛፍ ከሥሩ ሲቆረጥ መጉበጡን የሚያሳይ ምንም አይተውም። የቻይኖቹ ምሽግ ኮረብታውን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆታል። ማንሶክ የማያውቃቸውን ጎበዛዝት በእግራቸው እየጎተተ በዚያው ምሽግ ውስጥ ሲያጋድም፣ ከሥራቸው አባቱ ይኑር አይኑር አያውቅም ነበር። አንዳንዶቹ ገና ጢም ያላበቀሉ ነበሩ። የነዚህም አባቶች፣ አለ ለራሱ፣ ልጆቻቸው የት እንደሆኑ አያውቁም። አላጽናናውም።

አፈሩ ስስ ስለነበር ዝናብና ውሻ አወጣቸው። የመከር በዓል ሲቃረብ የናም ጌቶች ምስለኔያቸውን ፓንግን ላኩ። የአያቶቻችን ኮረብታ ይጽዳ፣ የተበተነው ሁሉ ከግርጌው ባንድ ጉድጓድ ይከተት አሉ። ፓንግ ማራገቢያውን አፍንጫው ላይ ይዞ ቆመ፤ ጭሰኞቹ ቆፈሩ።

ያገኘው ዶልሴ ነው። የምሽጉ ግድግዳ ሲናድ፣ መሃሉ እንደ ዝንጅብል ያበጠ የእግር አጥንት ከሌሎች አጥንቶች ጋር ወደቀ። ማንሶክ ያንን እብጠት ያውቀዋል። አባቱ የጌቶቹን ጎተራ በዝናብ ሲከድን ወድቆ፣ እግሩ ተሰብሮ፣ አጥንቱ ተጣምሞ ገጥሞ፣ እስኪሞት እያነከሰ ኖሯል። ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀው ቁራጭም የወታደር ሰማያዊ ሸማ ሳይሆን ሻካራ የመግነዝ ጨርቅ ነበር። ዶልሴ ጨርቁን በእግሩ ጭቃ ውስጥ ቀበረው።

ማንሶክ ጎንበስ ብሎ አጥንቶቹን ሰበሰበና ታቀፋቸው። «ቻይና ነው» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«እስቲ አሳየኝ።» ፓንግ ቀረበ። «ቻይኖቹ የሞቱት በዚህ ክረምት ነው። ይሄ እኮ አርጅቷል።»

«ጌታዬ፣ የመንደራችን ውሾች ዘንድሮ እንዴት እንደወፈሩ አላዩም?» አለ ዶልሴ። «የኔማ ትራፊ ስሰጠው ፊቱን ማዞር ጀምሯል።»

ቆፋሪዎቹ ሳቁ። ፓንግ አልሳቀም። በማራገቢያው ጫፍ እብጠቱን ነካ አደረገው። ያን ጊዜ፣ ዝናቡ ያባራና ነገ ይከደን ሲሉት፣ የለም ውጣ ብሎ የማንሶክን አባት ጣሪያ ላይ ያወጣው እሱ ነበር። ከአጥንቱ ወደ ማንሶክ አየ፤ ከማንሶክ ወደ አጥንቱ።

«እዚህ ሬሳ የሸሸገ ሰው አለ» አለ ቀስ ብሎ። «የማንም ካልሆነ ግን ጣጣ የለውም። ወስደህ ወንዝ ውስጥ ጣለው።»

አባቴ ነው ቢል ዱላውን ይችለዋል፤ አጥንቱ ግን ያው ይጣላል፣ ቤተሰቡም ሜዳ ላይ ይቀራል። እሺ ብሎ ቢሄድ ደግሞ የገዛ አባቱን ውሃ ውስጥ የሚወረውር ልጅ ይሆናል። እውነቱም ውሸቱም አባትን የሚያስጥል ሲሆን፣ ለሰው የሚቀረው በሁለቱ መሃል ያለው ስንጥቅ ነው። ማንሶክ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ እንዴት እንደገባ ኋላም ማስረዳት አልቻለም።

«እጥላለሁ፣ ጌታዬ» አለ። «ግን ይሄ ሰው አገሩ ሩቅ ነው። ማዕድ የሚያቀርብለት ልጅ እዚህ የለውም። ውሃ ውስጥ ከጣልነው ማረፊያ አጥቶ እዚሁ ነው የሚዞረው። በበዓሉ ለጌቶች አያቶች ማዕድ ሲቀርብ፣ የራበው ሙት አጠገባቸው ቆሞ እያያቸው፣ እነሱ ጉርሻው እንዴት ይወርድላቸዋል?»

ሳቁ ቆመ። የራበው ሙት በሽታና መከራ ይዞ በሕያዋን ደጅ እንደሚዞር የማያውቅ እዚያ አልነበረም። ፓንግ ማራገቢያውን አጠፈ።

«ከሌሎቹ ጋር ክተተው። ለቻይና ሆድ እንዲህ ካሰብክ፣ የጉብታቸውን ሣር በየዓመቱ የምታጭደው አንተ ነህ። ጠላውንም ከቤትህ።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

ጉድጓዱ ተሞላ፤ አፈሩ ተቆለለ። ልጅ አባቱን ሲቀብር ድምፁን ከፍ አድርጎ ማልቀስ አለበት፤ ማንሶክ ግን ከንፈሩን ነክሶ አካፋው ላይ ተደግፏል። ዶልሴ አየው። ድንገት ኮፍያውን ወርውሮ ደረቱን እየመታ እንደ ለቀስተኛ ጮኸ። «አይጎ! አይጎ! የቻይና ልጆች፣ ማን ያልቅስላችሁ! ኑ እናንተ፣ አልቅሱ እንጂ፣ አማት የሞተችባችሁ ይመስል ምን ቆማችኋል!» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ሳቅ መሃል ማንሶክ አፉን ከፍቶ ጮኸ። አይጎ። ቀልድ መስሏቸው ይበልጥ ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ስሙ «የቻይና ልጅ» ሆኖ ቀረ። አልከፋውም። አባቱ ጉብታ አግኝቷል፤ በጌቶች ኮረብታ ግርጌ፣ ፊቱ ወደ ውሃ፣ በምስለኔ ትእዛዝ። ዕረፍት የነሳው ሌላ ነገር ነው። ፓንግ የፈቀደው አውቆ ነው ወይስ ሙት ፈርቶ? አንድ ጊዜ ሊጠይቀው ደጁ ድረስ ሄዶ፣ ዶሮ የሚሸጥ መስሎ ተመለሰ። ፓንግ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ዘመን ተለወጠ። አገሩን ጃፓኖች ያዙት፤ ናሞች ኮረብታውን ሸጠው ወደ ከተማ ገቡ፤ ዳገቱ ፒር የሚባል የፍራፍሬ ዛፍ ለበሰ። የሚገርፍ አልቀረም። ማንሶክና ዶልሴ አርጅተው፣ ከጉብታው አጠገብ የታጨደ ሣር ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

«አሁን ማን ይከለክልሃል?» አለ ዶልሴ። «አባትህን ለይተህ አውጣውና ለብቻው ቅበረው። እግሩን እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

«እግሩንማ አውቃለሁ። የራስ ቅሉስ? የማንን ይዤ ልሄድ ነው?» ማንሶክ ማጭዱን በሣር ጠረገ። «ደግሞስ እነዚህን ለማን ልተዋቸው? ይህን ሁሉ ዘመን በኔ እጅ የጠጡ ናቸው።»

ዶልሴ ጠላውን አንስቶ ጉብታው ላይ አንቆረቆረው። «እናንተ ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ። «ሽማግሌው ይቅደም።»

ማንሶክ ተነሣ። ከዶልሴ በቀር የሚያየው ሰው አልነበረም፣ ቢኖርም የሚጠይቀው አልነበረም። እጁ ግን ወደ ገለባ ጫማው ወረደ፤ ማሰሪያውን ፈታና ተንበረከከ።