ወደ ፖርት ሱዳን በከሰላ በኩል

ገዳሪፍ ባለችው ትንሽ የአውሮፕላን ኩባንያ ሥራ የጀመርኩ ቀን ሙዲሩ፣ ማለት ሥራ አስኪያጁ፣ ወንበር ሰጡኝ። ከዚያ በፊት ከስደተኛ ካምፓችን እየወጣሁ ሰሊጥ እርሻ ላይ ጎንበስ ብዬ ስለምውል፣ ወንበሩን ሳየው እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። በአገሬ የተማርኩት የበረራ ዕቅድ ሥራ እዚህ እንጀራ ሆነኝ።

«ኡም ሳምራዊት» አሉኝ፣ በልጄ ስም እየጠሩ። «አብራሪው የሚወደውን ሳይሆን ተቆጣጣሪው የሚፈቅደውን ጻፊ። ኻላስ።»

ኻላስ ማለት «በቃ» ነው፤ ሥልጠናዬም ይኸው ነበር።

ደመና ሲኖር አብራሪ ውጭውን ሳይሆን መሣሪያውን እያየ ይበርራል። ለእንዲህ ያለው በረራ ተቆጣጣሪዎች ከከተማ ከተማ የሚመርጧቸውን መንገዶች ከነከፍታቸው ዘርዝረው ያወጣሉ። ያንን የጻፈ ቶሎ ይለቀቃል። ሌላ የጻፈ መንገዱ እስኪቀየርለት ቆሞ ይጠብቃል።

አንድ ክረምት፣ ፋው በሚባለው የእርሻ ቦታ ከትራክተር ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሠራተኛ መጣ። ሐኪሙ ዛሬውኑ ፖርት ሱዳን ካልደረሰ አይተርፍም አለ። ሰማዩ ጠቁሯል።

አብራሪው ካፒቴን ታደለ፣ የጎንደር ሰው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተደገፉ።

«እታለም፣ ቀጥታ ጻፊልኝ። ሰውየው ጊዜ የለውም።»

«ቀጥታ የሚባል ዝርዝሩ ላይ የለም፣ ካፒቴን።»

«ለካምፑ ገብርኤል ተስያለሁ። ቀጥታ ከፈቀዱልኝ ባለ ወርቀ ዘቦ ጃንጥላ አስገባለሁ።»

ለእኔም ፈተና ነበር። የካምፓችን ታቦት ሲወጣ የሚያዝለት ጃንጥላ ሦስት ቦታ ተቀዷል።

«ገብርኤል መቆጣጠሪያ ማማ ላይ አይቀመጥም» አልኳቸው።

ከገዳሪፍ የሚነሳ መንገድ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። እንዲህ ሲሆን የቅርብ ከተማ ይፈለጋል። ከከሰላ ፖርት ሱዳን የሚሄድ አገኘሁ። እኛን እስከ ከሰላ አገናኝቼ፣ ከፍታውን አመሳክሬ አስገባሁ።

«እንግዲህ ስለቱ ቀረ! መልአኩን ያስቀየምሽው አንቺ ነሽ» ብለው ወጡ።

ፈቃዱ እንደጻፍኩት ወዲያው መጣ። ቀጥታ የጻፈ የሌላ ኩባንያ አውሮፕላን እዚያው እንደቆመ የኛ ተነሳ። እኔ ጸሎቴን ያዝኩ።

በማግሥቱ ካፒቴኑ ደረታቸውን ነፍተው ገቡ።

«ሰውየው ተርፏል። ደግሞ ስሚ፤ ከተነሳን በኋላ ተቆጣጣሪው ራሱ ‹መንገዱ ነፃ ነው፣ ከሰላን ተወው፣ ቀጥታ ሂድ› አለኝ። አላልኩሽም?»

«ተመስገን። ቀጥታ ፈቀዱልዎ?»

«ቀጥታ!»

«ይድገሙልኝማ፣ ሙዲሩም ይስሙ።»

«ቀጥታ አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ ጃንጥላው መቼ ይመጣል?»

ካፒቴኑ ወደ ሙዲሩ ዞሩ። ሙዲሩ እስላም ናቸው፤ ስለት ግን ያውቃሉ።

«ካፒቴን» አሉ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ለመልአክ የተባለ ይሰጣል። ኻላስ።»

ጃንጥላው ከጎንደር መጣ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ካፒቴኑ ሲሳሉ በየት በኩል፣ በስንት ከፍታ፣ በማን ፈቃድ እንደሆነ ለገብርኤል ዘርዝረው ነው።

አዲስ ለምትገቡ፦ መሬት ላይ ሳላችሁ ተቆጣጣሪው የሚመርጠውን መንገድ ፈልጋችሁ ጻፉ። አቋራጩን አብራሪው አየር ላይ ሆኖ ይጠይቅ።