ባዶው የረዳት ወንበር

ሊላንድ ስካር በረዶ መጥረጊያው መኪና ውስጥ ከሞተ ሰው ጋር ያወራ ነበር። በካውንቲያችን ጋራዥ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ እኔ የጋራዡ በያጅ ስለሆንኩ ቀድሜ ሰማሁት። አንድ ጠዋት የተሰነጠቀ ብረት ልበይድለት ከመኪናው ሥር ተጋድሜ ሳለ፣ ከላይ "ቀኙስ?" ሲል ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለ። መልስ የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ ነበር። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ፀጉሬ ቆመ።

ሊላንድ ወሬኛ አልነበረም። ከኖርዌይ የመጡት አያቶቹ ዝምታን ከነእርሻው ነው ያወረሱት። ዓርብ ዓርብ የተጠበሰ ዓሣ አይቀርበትም፤ በኅዳር አጋዘን ያድናል፤ ፖለቲካ ሲነሳ ኮፍያውን አንስቶ ይወጣል። ዕድሜውን ሙሉ ያወራው ወሬ ቢሰበሰብ፣ አብዛኛውን ያወራው ከረዳቱ ከድዌን ፕሪቢል ጋር ነው።

እኛ ዘንድ፣ ሰሜን ዊስኮንሲን፣ በረዶ የሚጠረገው በሁለት ሰው ነበር። ሹፌሩ በግራ ተቀምጦ ይነዳል፤ ረዳቱ በቀኝ ተቀምጦ በጎን የተዘረጋውን የብረት ክንፍ ያነሳል፣ ያወርዳል። ክንፉ በረዶውን ስለሚያቦነው ሹፌሩ በዚያ በኩል ምንም አያይም። ስለዚህ "ቀኙስ?" ብሎ ይጠይቃል። ረዳቱ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ያያል፣ "እለፍ!" ይላል። ሁለቱ ፀጉራቸው እስኪሸብት ድረስ እንዲህ ሲባባሉ ኖሩ።

ሁለት ሰው መመደቡ የአለቃ ደግነት አልነበረም። የሠራተኛ ማኅበራችን ተደራድሮ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ያስጻፈው ነው። ከዚያ ያ ሕግ መጣ። የስቴቱ ምክር ቤት፣ እንደኛ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ከእንግዲህ በመሠረታዊ ደመወዝ እንጂ በሌላ በምንም መደራደር አይችልም አለ። ማኅበሩም በየዓመቱ እንደ አዲስ ይመረጥ፣ ድምፅ ሳይሰጥ ቤቱ የተኛውም እንደ ተቃወመ ይቆጠር ተባለ። እንዲህ ያለ ቆጠራ የሚያስብ ጭንቅላት ከምን እንደተሠራ አላውቅም። ድዌን የስቴቱ ዋና ከተማ ድረስ ሄዶ፣ ምክር ቤቱ ወለል ላይ እያደረ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ሕጉ ጸደቀ። የድሮው ስምምነት ሲያበቃ የረዳትነት ሥራ ቀረ፤ ለድዌንም ብቻውን የሚነዳው መኪና ሰጡት።

በቀጣዩ ክረምት ክንፉ ላይ የጋገረውን በረዶ ሊፈረካክስ ብቻውን ወረደ። ከኋላው መንገዱን የሚያይለት ሰው አልነበረም። የመጣችው መኪና ተንሸራታ ከክንፉ ጋር አጣበቀችው፤ እዚያው ሞተ። ያንን ክንፍ አጥቤ ያቃናሁት እኔ ነኝ፤ እጄ ዛሬም ይቀፈዋል።

ሊላንድ ባዶውን ወንበር መጠየቅ የጀመረው ከቀብሩ በኋላ ነው።

"ልማድ ነው" አለኝ፣ ደፍሬ ስጠይቀው።

"ልማድስ ይሁን። አንተ ግን ጠይቀህ ታዳምጣለህ።"

ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። "ይመልስልኛላ።"

"ማን?"

"ማን ይሆናል? 'እለፍ' ይለኛል። ድምፁ ራሱ ነው፤ እንደ ልማዱ የሱፍ ፍሬ አፉ ውስጥ ይዞ።"

"ጠጥተሃል እንዴ አንተ ሰው?"

"ብጠጣ ይሻለኝ ነበር። የምፈራው ድምፁን አይደለም፤ አንድ ቀን አምኜው እንዳልነዳ ነው። በዚያ በኩል ልጆች አሉ።"

ልክ ነበር። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚጠብቁ ልጆች እኛ የቆለልነውን በረዶ እየቦረቦሩ ዋሻ ይሠራሉ። ስንቴ ተቆጥተናቸዋል!

ከዚያ ሊላንድ በሕይወቱ ያላደረገውን አደረገ። እኔና ሌሎች የማኅበሩ ተወካዮች ከኃላፊያችን ከኩርት ግሬብ ጋር ስንቀመጥ አብሮን ገባ።

"ኩርት፣ ሰው ስጠኝ" አለ። "ከፈለግክ ደመወዜን ቀንስ፣ ሰው ስጠኝ።"

ኩርት ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። "በጀቱ በካውንቲው ቦርድ እጅ ነው፣ ሊላንድ። እኔ ደግሞ ስለዚያ ወንበር እዚህ ጠረጴዛ ላይ መደራደር በሕግ ተከልክያለሁ።"

"እኔ እኮ ከሞተ ሰው ጋር እየተነጋገርኩ ነው። ካንተ ጋር ነው ያቃተኝ?"

ኩርት አንገቱን ደፍቶ ስለ ደመወዝ ማውራት ቀጠለ።

ጥር ላይ ትልቁ በረዶ ወረደ። ሊላንድ ከአንድ የወተት ላሞች እርሻ አጠገብ ያለው መታጠፊያ ላይ ደርሶ "ቀኙስ?" አለ። "እለፍ!" የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ሰማ። እግሩ ነዳጁን ሊረግጥ ሲል አንድ ነገር ከነከነው፤ መልሱ ፈጥኖ መጣ። ፍሬኑን ረግጦ ወረደ፣ በቀኝ በኩል ዞረ። ከክንፉ ጫፍ ፊት ለፊት አንድ ዋሻ አለ፤ ከዋሻው ሁለት ትንንሽ ቀይ ቦት ጫማዎች ወጥተዋል። ጫማዎቹን ይዞ ሲስብ አንዲት ልጅ ወጣች።

"ቤቴን አፈረስክብኝ!" ብላ ጮኸችበት።

መኪናውን መልሶ፣ ቁልፉን የኩርት ጠረጴዛ ላይ አኖረ፤ ጡረታ ወጣ። እስከ በሩ ሸኘሁት።

"ድዌን አልነበረም" አለኝ። "ድዌን ሳያይ 'እለፍ' ብሎኝ አያውቅም። ለራሴ ስመልስ የነበርኩት እኔው ነኝ።"

ግን ቤቱ አልተቀመጠም። በረዶ በጣለ ጠዋት ሁሉ ብርቱካናማ ሰደርያውን ለብሶ መታጠፊያው ላይ፣ ከበረዶው ክምር ሥር ይቆማል። ልጆቹን ያባርራል፤ መጥረጊያው ሲመጣ እለፍ ብሎ እጁን ያነሳል። ካውንቲው እንዳንደራደርበት የተከለከልነውን ረዳት በነፃ አገኘ ማለት ነው! በገንሁ። ድምፁን አሁንም ይሰማው እንደሆነ ስጠይቀው ግን "አይመጣም" አለኝ፤ ፊቱም እንደ ድሮው ሆኖ ስላየሁት ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት የሊላንድን መኪና ብቻውን የሚነዳው ኮልቢ ለብየዳ መጣ።

"ሽማግሌያችን እንዴት ነው?" አልኩት። "በደንብ ያሳልፍሃል?"

"የትኛው ሽማግሌ?"

"ሊላንድ ነዋ! መታጠፊያው ላይ ቆሞ እጁን የሚያነሳልህ።"

"በየት በኩል?"

"በቀኝ።"

ኮልቢ ፊቱ አመድ መሰለ። "በዚያ በኩል በረዶው ሲቦን ምን ይታየኛል? እዚያ ሰው አይቼ አላውቅም" አለኝ።