ለአባዬ ያስጸለይኩ ዕለት

ትናንት ካልጋሪ አጠገብ ካለችው ከኮክረን ከተማ ከሥራ ስመለስ፣ አባዬ ይወዳቸው የነበሩት እነዚያ የእንግሊዝ አገር የሶል፣ የጃዝና የፈንክ ተጫዋቾች አዲስ አልበም ማውጣታቸው ስልኬ ላይ ብቅ አለ፤ መኪናው ውስጥ ከፈትኩት፣ ቤዝ ጊታሩም ገባ። አያረጁም እንዴ ሰዎቹ! አንድ ዘፈን እንኳ ሳልጨርስ ዘጋሁት።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የነዳጁ ገንዘብ ካናዳ ያለችውን ካልጋሪን ያሰከረበት ዘመን ነው፤ የቤት ሬንቱ በየጊዜው ይጨምራል፣ ሥራው ሰው ይለምናል፣ አባዬም ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል የሚባለው ሰፈር መጋዘን ውስጥ ደብል ሺፍት ስለሚሠራ በደንብ የምናየው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። ድሮ አዲስ አበባ ሳለ ሆቴል ውስጥ ቤዝ ጊታር ይመታ የነበረ ሰው፣ ጌታን ካገኘ በኋላ ቸርቻችን መድረክ ላይ ይጫወት ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ካርቶን ሲሸከም የከረመው ጀርባው ቤዙን ሲያንጠለጥል ቀጥ ይላል፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ሲነቀንቅ፣ እውነቴን ነው፣ ከሱ የሚያምር ሰው አልነበረም። ከሰፈራችን ከፔንብሩክ ሜዶውስ እስከ ቸርች ባለው መንገድ ግን የእንግሊዞቹን ሲዲ ከፍቶ፣ መሪውን በጣቱ እየመታ ቤዙን ለይቼ እንድሰማ ያስተምረኛል፤ ፓርክ ሲያደርግ ሲዲውን የመዝሙር ሲዲ ሽፋን ውስጥ ይከትና ጠቀስ ያደርገኛል።

ሰንዴይ ስኩል ውስጥ እያንዳንዳችን የጸሎት ርዕስ እናቀርብ ነበር። ሌላው ልጅ ለፈተናው፣ ለታመመች ድመቱ ያስጸልያል። አንድ እሑድ አስተማሪያችን ዓለማዊ ዘፈን የሚሰማ ሰው ገሃነም እንደሚገባ ነግራን ስለነበር፣ እኔ ሞኟ እጄን አውጥቼ፣ “አባዬ መኪና ውስጥ ዘፈን ይሰማል፣ ገሃነም እንዳይገባብኝ ጸልዩለት” ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ወሬ መቼ እግር አጥቶ ያውቃል? በሳምንቱ የቸርቹ ሽማግሌዎች ጋ ደረሰ፤ ጠርተው ሲጠይቁት አልካደም፣ ለሦስት ወር ከአገልግሎት አገዱት። ሦስት ወሩ አለቀ፣ አባዬ ግን አልተመለሰም። ቤዙን ሸጠ፣ መኪናው ውስጥ ዜና ብቻ መስማት ጀመረ፣ እሑድንም ለኦቨርታይም ሰጠ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ኦቨርታይም ሞልቶ ነበር። እሑድ እሑድ የማየው አባቴ በዚያው ቀረ።

ዛሬ እዚያው መድረክ ላይ ጎረምሶቹ ያንኑ ፈንክ ይመታሉ፤ እነዚያው ሽማግሌዎች “ሃሌሉያ!” እያሉ ያጨበጭባሉ። አንጀቴ ያርራል።

ትናንት ዘፈኑን ዘግቼ በቀጥታ አባዬ ቤት ሄድኩ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ስንት ዘመን ያፈንኩትን አወጣሁት፤ “አባዬ፣ ያኔ የተናገርኩብህ እኔ ነኝ” አልኩት።

“አውቃለሁ እኮ፣ የኔ ልጅ” አለኝ ቀስ ብሎ። “ልወስድሽ መጥቼ የሰንዴይ ስኩሉ በር ላይ ቆሜ ነበር። እንደዚያ ስታለቅሺልኝ ሰምቼ፣ ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልጫወት?”

እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሽማግሌዎቹን ስረግም ኖሬያለሁ።